የካዛንቺስ ስጥ ወዴት ሄደ?

ግቢው ሲፈርስ የቤት በርበሬ ወደ ገበያ ወጣ፤ ገዢው የሚከፍለው ለደረቅ ይሁን ለውሃ የሚለየው ግን ጥቂት ነው

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ካዛንቺስን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ወቅቱን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም ነበር። በየግቢው ሰሌን ይዘረጋል፣ ዛላ በርበሬ ይሰጣል፤ መሬት ያጠራት እመቤት ደግሞ በቆርቆሮ ጣራዋ ላይ ሸራ አንጥፋ ታሰጣለች። ዶሮ እንዳይበትነው አንድ ሕፃን በትር ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ነፋስ ሲነሳ የግቢው ሰው በሙሉ ያስነጥሳል። የሚቆጣ ግን አልነበረም፤ የዛሬው ስጥ የጎረቤት ቢሆን የነገው የራሱ ነውና።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ካዘ ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም መሆኑ የታወቀ ነው። ጣሊያኖቹ ከሄዱ በኋላ በቪላዎቹ ዙሪያና መካከል ትናንሽ ቤቶች ተጠጋግተው ተሠሩ፤ በኋላም አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ቤቶቹ ጠባብ ቢሆኑም አንድ ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም አምስትና ስድስት አባወራ የሚጋራው፣ ሰማይ የሚያየው ግቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ግን በኮሪደር ልማቱ ሥራ ምክንያት የሠፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ፤ ሌላው ዘመድ ዘንድ ወይም ኪራይ ቤት ገባ።

ለመሬት ደላላው ይህ የካሬ ሜትር ወሬ ነው። ለቅመም ነጋዴውና ለባልትና ቤቱ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ቀድሞ እርጥቡንና ከፊል ደረቁን ገዝቶ ቤቱ ያደርቅ የነበረ ደንበኛ አሁን የተዘጋጀውን ይገዛል። ፀሐዩ፣ ቦታውና ጉልበቱ በቤተሰቡ ሒሳብ ውስጥ ዋጋ ያልነበራቸው ነገሮች ናቸው። ዛሬ ሦስቱም በኪሎው ዋጋ ውስጥ ገብተው ይሸጣሉ። ሲደርቅ አጠገቡ ያልቆመ ገዢ ደግሞ ምን ያህል ውሃ እንደሚገዛ አያውቅም።

የአንድ ቤት የዓመት ሒሳብ

የአዲስ አበባ ቤተሰብ በርበሬ የሚገዛው ለሳምንት አልነበረም፤ ለዓመት ነው። አዝመራው ደርሶ ከማረቆ፣ ከሀላባ፣ ከጎጃምም በኩል ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ጭነት ሲገባ፣ መርካቶ በርበሬ ተራ በፈረሱላ ይሸጣል። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስታወስ ባያስፈልግም፣ በኩንታል ከሚያስበው የእህል ነጋዴ ጋር ሲነጋገሩ ግራ መጋባት መፈጠሩ አልቀረም። አንዳንዷ እመቤት ገንዘቡን ከዕቁብ አውጥታ ትገዛለች፤ ሁለትና ሦስት ጎረቤታሞች በማኅበር ገዝተው የሚካፈሉበትም ጊዜ አለ።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ዛላው አንድ በአንድ ጭራው ይቀነጠሳል፣ የሻገተውና የነጣው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ይህ የመጀመሪያው ማድረቅ ነው። ከደረቀ በኋላ ይሸከሸክና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳምና እንደየቤቱ ወግ ከቀይ ሽንኩርት ጋር ይደለዛል። ድልዙ ታፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ሲከርም ሽታው ይበስላል። ከዚያ እንደገና ይሰጣል፤ ሁለተኛው ማድረቅ ይህ ነው። ኮረሪማው፣ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ፣ ድንብላሉ፣ ቅርንፉዱና ጨው ከተጨመረ፣ ከታመሰና ከቀዘቀዘ በኋላ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። አትክልት አድርቆ ማቆየት ለአዲስ አበባ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቅጠላ ቅጠልና ቃሪያ ዘር ሁሉ በየዓመቱ በየግቢው ይደርቅ ነበር፤ ስሙ «በርበሬ ማዘጋጀት» ስለሆነ ብቻ ማንም አትክልት ማድረቅ ብሎ አልጠራውም። ለሽሮውም እንዲሁ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ደርቆ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል ሽፈራው የሚባለው የሃላኮ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ በአዲስ አበባ ሱቆች እስከ መሸጥ ደርሷል። ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ባሚያን አድርቃና ፈጭታ «ወይካ» በሚል ስም ዓመቱን ሙሉ ወጥ ትሠራበታለች።

ታዲያ የኮንዶሚኒየሙ ኑሮ ከዚህ ሥራ ጋር አልተስማማም። በረንዳው ቢበዛ የአንድ ሰፌድ ቦታ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን ጥላ ይወድቅበታል። ደረጃ ላይ ቢሰጣ አላፊ አግዳሚው ይረግጠዋል፤ ቢታመስ ደግሞ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ያስላል። በየሳይቱ ለእርድና ለመሰል የጋራ ሥራ ተብለው የተሠሩ ቤቶች ቢኖሩም ለሁሉም አይበቁም። በመሆኑም ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን መርጧል፤ ወይ ግቢ ላላት ዘመድ አስረክቦ ያሠራል፣ ወይ ከባልትና ቤት በኪሎ ይገዛል። ግቢ ያላት ሴት ራሷ ነጋዴ የሆነችበት ብዙ ቤት አለ። ቀድሞ ለራሷ ታሰጣ የነበረችው ዛሬ ለአምስትና ለስድስት ቤት ታሰጣለች፤ ቀንጣሽና ደላዥ በቀን ክፍያ ታሠራለች። መነሻ ካፒታሏ ግቢው ነው። ግቢው የቀበሌ ከሆነና ተራው ለመፍረስ ከደረሰ ግን ድርጅቷም አብሮ ይፈርሳል። የንግድ ፈቃድ የሌለው፣ በቤት ቁጥር ብቻ የቆመ ሥራ በመሆኑ ካሣ የሚሰላበት መንገድም የለም። ከካዛንቺስ ለቀው በሄዱት ላይ የደረሰው አንዱ ጉዳት ይህ ሲሆን፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ሚዛን ላይ ያለው ውሃ

ዛላ በርበሬ ሲደርቅ ይሰባበራል። በመጫንና በማራገፍ ጊዜ ብዙ እንዳይደቅ ተብሎ ውሃ የሚረጭበት ልማድ አለ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ክብደት መጨመሩም እውነት ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚኖሩ የትኛው ለመከላከል፣ የትኛው ለትርፍ እንደተደረገ መለየት ያስቸግራል።

በቁጥር እንየው። አንድ ፈረሱላ በርበሬ 16 በመቶ ውሃ ይዞ ተገዛ እንበል። ገዢው ቤት ወስዶ 10 በመቶ እስኪደርስ ቢያደርቀው 17 ኪሎው ወደ 15 ኪሎ ከ870 ግራም ይወርዳል። በአንድ ፈረሱላ ከ1 ኪሎ ከ100 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ በበርበሬ ዋጋ ተገዝቷል ማለት ነው። ለቤተሰብ ይህ ብስጭት ነው፤ 100 ፈረሱላ ለሚያስገባ ባልትና ቤት ግን ከአንድ ኩንታል የበለጠ ኪሳራ ነው። የጭራውና የተበላሸው ዛላ ጉድለት ከዚህ ውጭ ነው። እንዲህ ሆኖም በርበሬ ተራ የእርጥበት መለኪያ ይዞ ለግዢ የሚወርድ ነጋዴ እምብዛም አይታይም። ቡና ላይ ያለ እርጥበት መለኪያ ግብይት የማይታሰብ ሆኖ ሳለ፣ በኪሎ ከቡና የማይተናነስ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ባለው በርበሬ ላይ አሁንም የሚታመነው እጅና ጆሮ ነው። ልምድ ያለው ሰው ዛላውን ጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል፤ ፍሬው ከተንኳኳና ዛላው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ውሃ አለው። ዘዴው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚሞከረው ከማዳበሪያው አፍ ላይ ያለው ዛላ መሆኑ ነው፤ የተረጨው ግን ብዙ ጊዜ መሐል ያለው ነው።

ከሚዛኑ የከፋው ግን ሻጋታው ነው። ያልደረቀ ወይም ደርቆ እንደገና የረጠበ በርበሬ በመጋዘን ተደራርቦ ሲቀመጥ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚያጋልጥ ሲሆን፣ በማመስም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ዓይን አያየውም፤ ቀለሙም ሽታውም በቅመሙ ይሸፈናል። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዋናው ዓይነት ከ5 መብለጥ የለበትም። ለነጋዴ በሚገባ ቋንቋ ሲነገር፣ በ1,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የጠበቀ ቁጥጥር ደንብ ከኢትዮጵያ የሚላኩ ቅመማ ቅመሞችን በዚሁ መርዝ ምክንያት በተለይ ከሚመረመሩት መካከል አስገብቷቸዋል። ወደብ ላይ ናሙና ተወስዶ ውጤት እስኪመጣ ዕቃው ይቆማል፤ ቢወድቅ ይመለሳል ወይም ይቃጠላል።

ወደ ውጭ የሚሄደው እንዲህ ሲፈተሽ እዚህ የሚበላው ግን ፈታሽ የለውም ብሎ መናገር ያሳፍራል። የቤት ስጥ አንዱ ጥቅም ይህ ነበር፤ እናት የሻገተውን ዛላ በዓይኗ አይታ ትጥለው ነበር። የተፈጨ በርበሬ ሲገዛ ያ ዓይን የለም። ቀይ አፈርና ሌላ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ተያዘ የሚለው ዜና በየጊዜው ስለሚሰማ፣ አቅም ያለው ገዢ ዛሬም ዛላውን ካላየሁ አልገዛም ይላል። ስመ ጥር የሆኑት ባልትና ቤቶች ዛላውን መደርደሪያ ላይ አኑረው እዚያው ደንበኛው ፊት የሚያስፈጩትም ለዚህ ነው።

ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የሚያጓጓው ሒሳብ

በበርበሬው ሥራ ገንዘብ ያዩ አንዳንድ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጥላሉ። የሚያጓጓ ምክንያት አለ። የአትክልት ተራ ዋጋ እንደ ልብ ትርታ ነው። ጅምላው ከፒያሳ ተነስቶ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም ይህ ጠባዩ አብሮት ሄዷል። ከመቂ፣ ከዝዋይና ከቆቃ የመስኖው ምርት በአንድ ጊዜ ሲገባ ቲማቲም በሳጥን እየተለመነ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባና ዋግ ሲመታው ያው ቲማቲም ይወደዳል። ሽንኩርትም ከፎገራና ከስምጥ ሸለቆው በበቂ ካልመጣ የሱዳን ሽንኩርት በመተማ ይጠበቃል። በርካሹ ወቅት አድርቆ በውዱ ወቅት መሸጥ ለማንም ወዲያው የሚመጣ ሐሳብ ነው።

ነገር ግን ቲማቲም ከ100 እጅ ወደ 95 የሚጠጋው ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ ቲማቲም ተቆርጦ ሲደርቅ የሚገኘው 6 ኪሎ ገደማ ነው። ሽንኩርት ልጣጩ ተጥሎ ከ100 ኪሎ 10 ኪሎ አካባቢ ይወጣዋል፤ ካሮትና ጎመንም ብዙ አይርቁም። ዝንጅብል ከ100 ኪሎ 20 ኪሎ ያህል ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርት ከሁሉም ይሻላል፤ ውሃው አነስተኛ በመሆኑ ከ100 ኪሎ ከ30 ኪሎ በላይ ይገኝበታል። ቀይ በርበሬ ራሱ ከማሳ ሲለቀም ከ4 እስከ 5 ኪሎው ነው አንድ ኪሎ ደረቅ የሚሆነው። የአዲስ አበባ እናቶች ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እያደረቁ ቲማቲምን የተዉት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለምሳሌ ቲማቲም በኪሎ 20 ብር ተገዛ ቢባል ለአንድ ኪሎ ደረቅ 17 ኪሎ ስለሚያስፈልግ፣ ጉልበትና ማሸጊያ ሳይታሰብ ጥሬ ዕቃው ብቻ 340 ብር ይፈጃል። በክረምት እርጥቡ ኪሎው 60 ብር ቢገባ ያው 17 ኪሎ 1,020 ብር ስለሚሆን ልዩነቱ ጠቀም ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወጥ ሠሪዋ ደረቁን ከእርጥቡ እኩል ካልቆጠረችው ሒሳቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። የታሸገ የቲማቲም ድልህ በየሱቁ ለምዳለች፤ ከላይኛው አዋሽ የመርቲ ድልህ ጀምሮ ማለት ነው። ደረቅ ቲማቲም ገዢው ሆቴልና ፒዛ ቤት ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ ደግሞ ሆቴል አላጡም፤ ግን የሆቴል ግዢ ክፍል የሚጠይቀው በየወሩ አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ዕቃ ነው።

በኤሌክትሪክ ላድርቅ የሚልም አይጠፋም። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን በፊዚክሱ ሕግ ብቻ ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይፈልጋል። 100 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ 93 ኪሎ የሚያህል ውሃ ስለሚወጣ፣ ምንም ሙቀት ሳይባክን ቢቆጠር እንኳ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር እጥፉን ቢያስቡ አይሳሳቱም። መብራት በመሐል ከጠፋ ደግሞ ግማሽ የደረቀው ቲማቲም ሳይነጋ ይኮመጥጣል። በሕንድ ጉጃራት ግዛት ማሁቫ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያሉት የሽንኩርት ማድረቂያ ፋብሪካዎች ለዓለም የሚያቀርቡት ለማድረቅ የተመረጠ፣ ነጭና ከተራው ሽንኩርት ያነሰ ውሃ ያለው ዘር ይዘው ነው። እኛ ዘንድ ለወጥ የሚወደደውን ቀይ ሽንኩርት ወስዶ ከእነሱ ጋር በዋጋ መፎካከር ከባድ ነው።

ለቤት ከሆነ

ለሽያጭ ሳይሆን ለራሱ ጓዳ የሚያደርቅ ሰው ሒሳብ ከዚህ ይለያል፤ ጉልበቱን አይቆጥርምና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የበጋው ፀሐይ ጠንካራ፣ አየሩም ደረቅ ነው። ጠላቷ ማታው ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ጠል ያወርዳል፤ ቀን የወጣው ውሃ ሌሊት ይመለሳል። ስለዚህ ስጡ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ወጥቶ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መሞከሩ ዕቃ ማበላሸት ነው።

መሬት ላይ ከሚነጠፍ ሰሌን ይልቅ በአራት እግር ቆሞ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ወንፊት ወይም የሽቦ መረብ ይበልጣል፤ ባዶ ቆርቆሮ ላይ የሚሰጣ ግን ዝገት ይይዛል። ከላይ ስስ ሻሽ ቢለብስ ዝንብና አቧራ ይከለከላል። በአሁኗ ካዛንቺስ የግንባታው አቧራ ቀላል ስላልሆነ ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። ሽንኩርት በስሱ ይከተፋል። ቲማቲም ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባነሰ ውፍረት ተቆርጦ ጨው ነስነስ ይደረግበታል። ካሮትና ጎመን ግን ቀድመው በፈላ ውሃ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ መነከር አለባቸው፤ አለበለዚያ ከወር በኋላ ድርቆሽ ሣር ይሸታሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አንድ ደቂቃ መጨመር አይጎዳም። ጎመንና በሶብላ ቀጥታ ፀሐይ ካገኛቸው ይነጣሉ፣ ጥቅማቸውም ይቀንሳል፤ ነፋስ ባለው ጥላ ይደርቃሉ።

መድረቁን ለማረጋገጥ የማይዋሽ ዘዴ አለ። የደረቀው አትክልት በብርጭቆ ማሰሮ ተከድኖ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ በየቀኑም ይነቅነቅ። የማሰሮው ግድግዳ ላብ ካወጣ አልደረቀም፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ላብ ካላወጣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ምድጃ አጠገብ የሰቀለ ሰው ግን ለነቀዝና ለሻጋታ ነው የደከመው።

ጣራው የማን ነው?

የቂርቆስ ክፍለ ከተማን ካርታ በአየር ላይ ሆኖ ለተመለከተ አንድ ነገር ይታየዋል። ግቢው ሲጠፋ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ በዝቷል። ከእስጢፋኖስ እስከ ኡራኤል፣ ከለገሃር እስከ ኦሎምፒያ ካሉት ፎቆች የብዙዎቹ ጣራ ላይ ያለው የውሃ ታንከርና ዲሽ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፣ ዶሮም የመንገድ አቧራም አይደርስበትም። ቢሮ በካሬ ሜትር የሚያከራይ ባለሕንፃ ይህን ቦታ ከሒሳቡ አስገብቶት አያውቅም።

በግምት አንድ ፈረሱላ በርበሬ በስሱ ለማስጣት 5 ወይም 6 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። 100 ካሬ ሜትር ጣራ በአንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ፈረሱላ ይይዛል፤ ፀሐዩ ካልከዳ በአራትና በአምስት ቀን ዙሩ ይለወጣል። በዚህ አኳኋን ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ከ18 እስከ 22 ዙር ማለት ነው። ሊፍት ለማዳበሪያ ተሸካሚ ይፈቀዳል ወይ፣ የታችኛው ፎቅ ተከራይ ስለ ሽታው ምን ይላል፣ ድንገተኛ ዝናብ ሲመጣ ማን ይሰበስባል፣ የሚሉት ጥያቄዎች በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው። ማመሱና መፍጨቱ ግን በምንም ዓይነት እዚያ አይሆንም፤ የቢሮ ሠራተኛ እንደ ድሮው የካዛንቺስ ጎረቤት ታግሦ አያስነጥስም።

የመጀመሪያው የማረቆ ጭነት ከመግባቱ በፊት ቦታ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ድርድሩን በጥቅምት መጨረስ አለበት። ለግዢ ሲወርድም የእርጥበት መለኪያውን ኪሱ ይክተት፤ ናሙናውንም ከማዳበሪያው አፍ ሳይሆን ከመሐሉ ይውሰድ።